ዕጩ መምህራንን ከስቴቱ የላንጉጅ አርትስ ስታንዳርድ ጋር እንዴት ታስተዋውቃላችሁ?

ቲቸር_ሲልቨርስፕሪንግ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ሜሪላንድ ውስጥ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። የማስተምረው እዚህ ላንጉጅ አርትስ የሚሉትን ነው፤ ንባብ፣ ጽሕፈት፣ ንግግር፣ ሰዋስው፣ ሁሉም በአንድ ላይ። በዚህ መስከረም ሁለት ዕጩ መምህራን ለልምምድ ይመጡልኛል። አንዷ የእኛ ልጅ ናት። አገር ቤት ለብዙ ዓመት አማርኛ አስተምራለች፤ አሁን እዚህ የማስተማር ፈቃድ ለማግኘት እየተማረች ነው።

ከአምና የቀረ ቁጭት አለብኝ። አምና የመጣችልኝን ልጅ በመጀመሪያው ቀን የስታንዳርዱን ጥራዝ፣ ስቴቱ ልጆች በየክፍሉ ምን መቻል እንዳለባቸው የዘረዘረበትን፣ አትሜ ሰጠኋት። «ይህን አንብቢና የትምህርት ዕቅድሽን ይዘሽ ነይ» አልኳት። አነበበች። ዕቅዱን ስታመጣ ከላይ አራት የስታንዳርድ መለያ ኮድ ተደርድሯል። አርኤል.4.1፣ አርኤል.4.2፣ ኤስኤል.4.1፣ ደብሊው.4.1። ትምህርቱ የ45 ደቂቃ ነው። ልጆቹ በዚያ ሰዓት የሠሩት ደግሞ የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ መሳል ነበር። አርኤል.4.2 የሚጠይቀው የታሪኩን ጭብጥ ከዝርዝሮቹ ተነሥቶ ማውጣትና ታሪኩን ማጠቃለል ነው። ሥዕሎቹ በጣም ያምሩ ነበር። ግን ጭብጥም፣ ማጠቃለያም አልነበረባቸውም።

ኮዱ ዕቅዱ ላይ አለ፣ ክፍሉ ውስጥ የለም። ልጅቷ ጥፋተኛ አልነበረችም። ስታንዳርዱን እንደ ማኅተም ነው ያስተዋወቅኋት፤ እሷም እንደ ማኅተም መታችው። እስከ ልምምዱ መጨረሻ ድረስ ያንን ልማድ ማስተው አቃተኝ።

ዘንድሮ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በደንብ ልጠቀምባቸው እፈልጋለሁ። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ዕጩ የነበራችሁትስ ምን ቢደረግላችሁ ይጠቅማችሁ ነበር?

---

ጋሽ_ጠመኔ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ አስተማሪ ሳይ ደስ ይለኛል። አገር ቤት መምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ፤ አሁን ጡረታዬን ልጆቼ ጋ ሆኜ እገፋለሁ። ስለ አሜሪካው ስታንዳርድ ብዙ አላውቅም። ከአገር ቤት ስለመጣችው ልጅ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ።

መጀመሪያ የምትጠይቅሽ «መጽሐፉስ የታል?» ብላ ነው። ተዘጋጂበት። እኛ አገር መምህሩ እጅ ላይ ሁለት ነገር አለ፤ የተማሪው መጽሐፍና የመምህሩ መምሪያ። ምዕራፍ አንድ፣ ምዕራፍ ሁለት እያለ ይሄዳል። የሚነበበው ምንባብ ተመርጦ፣ የቃላቱ ፍቺ ወጥቶ፣ መልመጃው ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። የመምህሩ ጥበብ ያንን ምንባብ ሕይወት መስጠቱ ላይ ነው። እዚህ ግን፣ ልጄ እንደነገረችኝ፣ ስታንዳርዱ ልጁ ምን መቻል እንዳለበት ይናገርና በየትኛው ምንባብ የሚለውን ይተወዋል። ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። ሜዳ ላይ የተተወች ሊመስላት ይችላል።

ግን ባዶ እጇን አይደለም የምትመጣው። ምዕራፉ ሲጀመር «ተማሪዎች ይህን ምዕራፍ ከተማሩ በኋላ» ብሎ የሚዘረዝረውን ዓላማ ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፋዋለች። ዝቅተኛ የመማር ብቃት የሚባለውንም ታውቀዋለች። ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ ብላ አራቱን ክሂሎች በእንቅልፍ ልቧም ትጠራልሻለች። ከዚያ ጀምሪላት። አዲስ ነገር ነው ብለሽ አታስደንግጫት።

---

ቲቸር_ሲልቨርስፕሪንግ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። «መጽሐፉስ የታል?» የሚለውን እኔም የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጠይቄዋለሁ። ያኔ ማንም አልመለሰልኝም።

አራቱ ክሂሎች በደንብ ይገጥማሉ። ኮመን ኮር፣ ብዙ ስቴቶች የተጋሩት ስታንዳርድ፣ ንባብን ለብዙ ይከፍለዋል፤ ለሥነ ጽሑፍ አርኤል፣ ለመረጃ ሰጪ ጽሑፍ አርአይ፣ ለታችኞቹ ክፍሎች ደግሞ የንባብ መሠረት የሆነው አርኤፍ። መጻፍ ደብሊው ነው። ማዳመጥና መናገር አንድ ላይ ኤስኤል ይባላሉ። ሰዋስውና ቃላት ኤል ውስጥ ይገባሉ። ፊደሉ የትምህርት ዘርፉ ነው፣ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ክፍሉ፣ የመጨረሻው ቁጥር የስታንዳርዱ ተራ። አርኤል.4.2 ሲባል የሥነ ጽሑፍ ንባብ፣ አራተኛ ክፍል፣ ሁለተኛው ስታንዳርድ ማለት ነው። አምና ይህን እንኳ አልነገርኳትም።

---

የንባብ_አሠልጣኝ

እህቴ፣ እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ዲሲ አስተምሬያለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ዓይነት ስታንዳርድ ሠርቼበታለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ለዕጩ መምህር ስታንዳርድና ሥርዓተ ትምህርት አንድ አለመሆናቸው በመጀመሪያው ቀን ይነገረው። ስታንዳርዱ የስቴቱ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ልጁ የሚደርስበትን ቦታ ይናገራል። በየትኛው መጽሐፍ፣ በምን ቅደም ተከተል የሚለውን የሚወስነው ዲስትሪክቱ ነው። የዕለቱን ትምህርት የምትወስኚው አንቺ ነሽ። በዚህ አገር ትምህርት የስቴት ጉዳይ ነው። የ2015ቱ የፌዴራል ሕግ ስቴቶች ስታንዳርድ እንዲኖራቸውና ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በየዓመቱ ንባብ እንዲፈትኑ ያስገድዳል እንጂ የትኛውን ስታንዳርድ እንደሚይዙ አይወስንም። ኮመን ኮርንም ያወጡት በ2010 የስቴት ገዢዎችና የስቴት ትምህርት ኃላፊዎች ማኅበራት ናቸው። ሜሪላንድና ዲሲ ተቀበሉት። ቨርጂኒያና ቴክሳስ አልተቀበሉም። ፍሎሪዳ ተቀብላ ኖሮ በ2020 በራሷ ተካችው።

ይህን የምለው ታሪክ ለማስተማር አይደለም። ቨርጂኒያ የእንግሊዝኛ ስታንዳርዷን በ2024 አዲስ አድርጋለች። የ2017ቱን በቃላቸው የያዙ ዕጩዎች ነበሩኝ፤ ኮዱም ክፍፍሉም ተለወጠባቸውና እንደ አዲስ ተጨነቁ። ስታንዳርድ እንዴት እንደሚነበብ የተማሩት ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ተላመዱት። ማስተማር ያለብን አነባበቡን ነው።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ጥራዙን አልሰጥም። አንድ ስታንዳርድ ብቻ እመርጣለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የንባብ ስታንዳርድ አንድን። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለውን በዘጠኝ ቁራጭ ወረቀት እጽፈዋለሁ። የክፍሉን ቁጥር ቆርጬ አወጣለሁ። ወረቀቶቹን ደባልቄ ጠረጴዛ ላይ አፈሳቸዋለሁ። «ከታች ወደ ላይ ደርድሪልኝ» እላለሁ። ሌላ ምንም አልልም።

በእኛ ቋንቋ ባስቀምጠው መሰላሉ ይህን ይመስላል። መዋዕለ ሕፃናት ላይ ልጁ በመምህሩ እየታገዘ ስለ ታሪኩ ዋና ዋና ዝርዝሮች ይጠይቃል፣ ይመልሳል። አንደኛ ክፍል ላይ እገዛው ይነሣል። ሁለተኛ ላይ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሦስተኛ ላይ ነገሩ ይለወጣል፤ ለመልሱ መነሻ የሆነውን ቦታ ከጽሑፉ ላይ በግልጽ ማሳየት አለበት። አራተኛ ላይ ጽሑፉ በቀጥታ ያለውን ሲያብራራም፣ ያላለውን ሲገምትም ከጽሑፉ ዝርዝርና ምሳሌ ያመጣል። አምስተኛ ላይ ቃል በቃል፣ ሳያዛባ ይጠቅሳል። ስድስተኛ ላይ ማስረጃው ለትንተና ይሆናል። ሰባተኛ ላይ አንድ ማስረጃ አይበቃም፣ በርከት ይላል። ስምንተኛ ላይ ደግሞ ከማስረጃዎቹ ሁሉ ጠንካራውን መምረጥ ይመጣል።

አራተኛና አምስተኛን ብዙዎቹ ያምታቷቸዋል። እዚያ ላይ ነው ዝም ብዬ የማዳምጠው። «ዝርዝር ማምጣትና ቃል በቃል መጥቀስ ምን ይለያቸዋል?» እያሉ መከራከር ይጀምራሉ። አንዷ «መጥቀስ እኮ ይቀላል፣ መገልበጥ ነው» አለች። ሌላዋ «የቱን እንደምትገለብጪ መምረጡስ?» አለቻት። ሃያ ደቂቃ ተከራከሩ። ጥራዙን ሦስት ጊዜ ቢያነቡት ይህ ክርክር አይመጣም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው አሥሩም የንባብ ስታንዳርዶች እንዲሁ እያደጉ የሚወጡ መሆናቸውን የማሳያቸው። ኮመን ኮር ውስጥ 32 መነሻ ስታንዳርዶች አሉ፤ ለንባብ 10፣ ለጽሕፈት 10፣ ለንግግርና ማዳመጥ 6፣ ለቋንቋ 6። የንባብ መሠረት የሚባለው ብቻ ለብቻው ነው። ያ ሁሉ ወፍራም ጥራዝ እነዚህ በየክፍሉ ሲያድጉ ነው። ይህን ያየ ዕጩ ከጥራዙ ጋር ያለው ነገር ይለወጣል። አንድ መሰላል መውጣት ከቻለ ሌላውንም ይወጣል።

---

ሦስተኛ_ክፍል_ሦስተኛ_ዓመት

ይቅርታ ልቃወም። የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አይመስለኝም።

እኔ ልምምድ ስወጣ ማታ ማታ አለቅስ ነበር። 24 ልጅ ፊት ቆሜ ማን እንደሚሰማኝ፣ ማን እንደማይሰማኝ አላውቅም። አንዱ ሽንት ቤት ይላል፣ አንዷ እርሳሷ ተሰብሯል፣ አንዱ ጠረጴዛ ሥር ገብቷል። በዚያ ሰዓት አማካሪዬ ስለ ስታንዳርድ ስታወራኝ ድምጿ ከሩቅ ነበር የሚመጣው። መጀመሪያ ልጆቹን ይወቁ። ስማቸውን ይያዙ። ክፍሉ ይልመዳቸው። ስታንዳርዱ በወሩ መጨረሻ ይድረስ።

---

የንባብ_አሠልጣኝ

ያልሽው እውነት ነው፣ እኔም አልፌበታለሁ። የምለይሽ አንድ ቦታ ላይ ነው። ዕጩዋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አታስተምርም፤ ተቀምጣ ታያለች። ምን እንደምታይ ካልተነገራት የምታየው የጠረጴዛ ሥሩን ልጅ ብቻ ነው። አንድ ስታንዳርድ ይዛ ብትቀመጥ ግን የምትፈልገው ነገር አላት። «ዛሬ መልሱን ከጽሑፉ ላይ ያሳየ ልጅ ማን ነው?» ስሙንም የምትይዘው ያኔ ነው።

---

ሦስተኛ_ክፍል_ሦስተኛ_ዓመት

እሺ፣ ይህ ገባኝ። ለማየት ከሆነ እስማማለሁ። ለእኔ የተሰጠኝ ለመጻፍ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የአምስት ቀን ዕቅድ ከነኮዱ አምጪ ተብዬ ነበር።

---

ሚኒያፖሊስ_ኢኤስኤል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ልጆች ነው የማስተምረው። ሁለት ነገር ልጨምር፤ አንዱ በተለይ ለእኛ ሰው ነው።

የእኛ ሰው የታችኛው ክፍል ከደረሰው የንባብ መሠረት ስታንዳርዶች ላይ ይቸገራል። ምክንያቱን እኔም ራሴን ስመለከት ነው ያወቅሁት። መዋዕለ ሕፃናት ላይ ልጁ ሦስት ድምፅ ካለው ቃል ውስጥ የመጀመሪያውን፣ የመካከለኛውን አናባቢና የመጨረሻውን ድምፅ ለይቶ እንዲያወጣ ይጠየቃል። «ማፕ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ስንት ድምፅ አለው? እኛ ቶሎ ብለን ሁለት እንላለን፤ ማ፣ ፕ። በፊደላችን የተጻፈው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ ይዞ ይመጣል። «ማ»ን ለሁለት መክፈል ከልጅነታችን ጀምሮ አላስፈለገንም። ስታንዳርዱ ግን ሦስት ይፈልጋል፤ ም፣ አ፣ ፕ። አንድ የእኛ ልጅ ዕጩ ሆኖ መጥቶ ይህንን ስታንዳርድ አንብቦታል፣ ኮዱንም ጽፎታል። ክፍል ሲገባ ግን ልጆቹን በጭብጨባ ማ-ፕ እያለ አስተማራቸው። ማንም አላረመውም። ትምህርቱ ጥሩ ይመስል ነበር።

መፍትሔውም ከፊደላችን ውስጥ ነው። ገበታውን አወጣሁለት። «መ ሙ ሚ ማ ሜ ም ሞ በለኝ» አልኩት። አለ። «ሰባቱም ላይ ያልተለወጠው ምንድን ነው?» አልኩት። ቆም ብሎ «ም» አለ። «የሚለዋወጠውስ?» ዓይኑ በራ። ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያልን ስንቆጥር የኖርነው እኮ አናባቢውን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ስታንዳርድ ከእሱ የተሻለ የሚያስተምር አላየሁም።

ሁለተኛው ዊዳ ነው፤ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች የወጣ የቋንቋ ስታንዳርድና መመዘኛ። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ሚኒሶታም ይጠቀሙበታል። የልጁን የእንግሊዝኛ ደረጃ ከ1 እስከ 6 ያስቀምጣል። ዕጩዎች ሁልጊዜ የሚሳሳቱት ደረጃ 2 ላይ ላለ ልጅ የሁለተኛ ክፍል ስታንዳርድ ማውረድ ነው። አይደለም። አራተኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ የአራተኛ ክፍል ስታንዳርድ ይገባዋል። የሚለወጠው ቋንቋውን የምንደግፍበት መንገድ ነው። ማስረጃውን በጣቱ ያሳይ፣ ያስምርበት፣ የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይሰጠው፣ በአማርኛ ለጓደኛው ይንገረው። አርኤል.4.1 ማስረጃ ከጽሑፉ አምጣ ይላል፤ በረጅም የእንግሊዝኛ አንቀጽ አምጣ አይልም። ይህን የሚያሳዝን ነገር ስለማይበት ነው አጥብቄ የምናገረው። ብልህ ልጆች እንግሊዝኛቸው እስኪሞላ እየተባለ ማሰብ የማይጠይቅ ወረቀት ሲቀቡ ይውላሉ።

---

ጋሽ_ጠመኔ

የፊደሉን ነገር ሳነብ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ስንት ዓመት «ማ» ስል አንድ ድምፅ ነው ብዬ ኖሬአለሁ። ተባረክ ልጄ።

---

ጋርላንድ_ቴክሳስ

እኛ ቴክሳስ ውስጥ የስቴቱን ስታንዳርድ ቲክስ ነው የምንለው። ኮመን ኮር የለም፤ በ2013 እንዲያውም በሕግ ተከልክሏል። የላንጉጅ አርትሱ ቲክስ ሰባት ዘርፍ አለው። ኮድ አላበዛባችሁም፤ አንዲት ትንሽ ነገር ግን ለሁሉም ስቴት ትጠቅማለች።

ቃላቱን ማንበብ። ቲክስ መግቢያው ላይ ራሱ ይናገራል፤ አንድ ስታንዳርድ ውስጥ «ጨምሮ» የሚለው ቃል ካለ ቀጥሎ የተዘረዘረው ሁሉ ግዴታ ነው፣ ልጁ ሊያውቀው ይገባል። «የመሳሰሉት» በሚለው መንገድ ከተጻፈ ግን ምሳሌ ነው፤ ሌላም መጠቀም ይቻላል። አንድ ዕጩ ነበረችኝ። በምሳሌነት የተጠቀሱትን ሁሉ ለማዳረስ ሳምንቱን ሙሉ ስትሮጥ ግዴታ የሆነውን አንዱን ዘለለችው። ጎበዝና ታታሪ ልጅ ነበረች። ማንም ያንን ቃል አላሳያትም።

እና እኔ በመጀመሪያው ቀን እርሳስና አንድ ስታንዳርድ ነው የምሰጠው። ግሡን አክብቢ እላለሁ። ይለያል? ያወዳድራል? ያብራራል? ይጽፋል? ከዚያ የተማሪውን ሥራ አሳይሻለሁና ግሡን ከውስጡ ፈልጊልኝ። «ያወዳድራል» የሚል ስታንዳርድ ይዘሽ ልጁ አንዱን ብቻ ገልጾ ከመጣ ስታንዳርዱ አልተነካም ማለት ነው። የቲቸር_ሲልቨርስፕሪንግ የሥዕል ታሪክም ይኸው ነው፤ ግሡ «አውጣ» እና «አጠቃልል» ነበር፣ ልጆቹ የሠሩት «መሳል» ሆነ።

---

ሲያትል_የልጆች_እናት

መምህር አይደለሁም፣ ይቅርታ ካበላሸሁባችሁ። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። ካርዱ ላይ ፊደል ሳይሆን ቁጥር ይመጣል፤ 2 አመጣ። ከ4 ነው 2። ቤት ውስጥ ተቆጣሁት። አሁን እናንተን ሳነብ ያ ቁጥር ከዚህ ጋር የተያያዘ ይሆን ብዬ ነው።

---

ቲቸር_ሲልቨርስፕሪንግ

ምንም አላበላሸሽም፣ እንኳን ጻፍሽ። አዎ፣ የተያያዘ ነው። እንደዚያ ባለው ካርድ ላይ ቁጥሩ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሲወዳደር ስንተኛ እንደሆነ አይናገርም። የክፍሉን ስታንዳርድ ይዞ የት ደርሷል የሚለውን ነው። በብዙ ቦታ 3 ማለት ለክፍሉ የተጠበቀውን አሟልቷል ነው፤ 2 ደግሞ እየተጠጋ ነው። ስታንዳርዱ የዓመት መጨረሻ ግብ ስለሆነ በኅዳር 2 ማየት ብዙ አያስደነግጥም። ግን ትምህርት ቤቱ ቁጥሩን እንዴት እንደሚተረጉመው ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ እሱን እዪ። መምህሩን «በየትኛው ስታንዳርድ ነው? ሥራውን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?» ብለሽ ጠይቂ። የሁለተኛ ክፍል ከሆነ ማታ ተረት አንብቢለትና፣ በአማርኛም ይሁን፣ «ማን? ለምን? እንዴት?» እያልሽ ጠይቂው። ከላይ ያያችሁት የሁለተኛ ክፍል የመሰላል እርከን ይኸው ነው። ተረትማ ስታንዳርዱ ላይ ስሙ ተጠርቷል፤ ሁለተኛ ክፍል ላይ ከተለያዩ ባህሎች የመጡ ተረቶችን መልሶ መናገርና መልእክታቸውን ማውጣት አለ።

---

ሲያትል_የልጆች_እናት

እግዚአብሔር ይስጥሽ። ዛሬ ማታ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

---

ገና_ዕጩ

እኔ አሁን ልምምድ ላይ ያለሁ ነኝ። ከዚህ በፊት እዚሁ ረዳት መምህር ሆኜ ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከእኛ በኩል የሚሰማውን ልናገር።

እኔን የከበደኝ ኤስኤል.1 ነው፤ የውይይቱ ስታንዳርድ። ልጁ ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ ጓደኛው ያለውን ይዞ ይቀጥላል፣ ይጠይቃል ይላል። ሳነበው ቀላል ነው የመሰለኝ። ግን ያደግሁት ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል እየተባልኩ ነው። ክፍል ውስጥ መምህሩ ይናገራል፣ እኛ እንጽፋለን፤ ከተጠራን ተነሥተን እንመልሳለን። ስለዚህ የመጀመሪያ ትምህርቴ ላይ ልጆቹ ሲያወሩ ረበሹ ብዬ ዝም አሰኘኋቸው። አማካሪዬ ጎኔ መጥታ በቀስታ «አሁን ያስቆምሽው የዛሬውን ስታንዳርድ ነው» አለችኝ። ክው አልኩ።

ከአማካሪዎች የምለምነው፣ ስታንዳርዱን ስታሳዩን «አንቺ ስትማሪ ይህ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁን። ለእያንዳንዱ አይደለም፤ ለአንድ ሁለቱ። እኛ የምናስተምረው እንደተማርነው ነው። ያንን ቆም ብለን ካላየነው ወረቀቱ ምንም ቢል እጃችን ወደለመደው ይሄዳል።

አንድ ነገር ደግሞ። ኮሌጃችን የሚሰጠን የዕቅድ ቅጽ ለኮድ ሰፊ ሣጥን አለው። ልጁ ምን ሲያደርግ እንደማይ የምጽፍበት ቦታ የለውም። እኔ ከሥር በእጄ መስመር አሥምሬ እጨምራለሁ።

---

ቲቸር_ሲልቨርስፕሪንግ

ያ መስመር! ነገ ቅጼ ላይ እጨምረዋለሁ። «ልጁ ይህን ሲያደርግ/ስታደርግ ካየሁ ገብቶታል/ገብቷታል እላለሁ።» አንድ ኮድ፣ አንድ መስመር። ከአንድ በላይ ኮድ አልቀበልም።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጆቹ ከመጡ በኋላ የሆነውን ተመልሼ እጽፋለሁ።

---

ቲቸር_ሲልቨርስፕሪንግ (ከስድስት ሳምንት በኋላ)

ቃል ገብቼ ነበርና ይኸው።

ጥራዙን አልሰጠሁም። በሁለተኛው ቀን ዘጠኙን ቁራጮች ጠረጴዛ ላይ አፈሰስኩ። እንደተባለውም አራተኛና አምስተኛ ላይ ተጣሉ። ከአገር ቤት የመጣችው ልጅ ቁራጮቹን እንደ ፊደል ገበታ ወደ ጎን ደረደረቻቸው። ከዚያ «ይህ እኮ አንድ ዓላማ ነው፤ በየክፍሉ እያደገ የሚሄድ» አለች። እኔ ለመናገር ያዘጋጀሁትን ነው የቀደመችኝ።

ሦስት ሳምንት እያየች ቆየች። አንድ ስታንዳርድ፣ አርኤል.4.1። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ የልጆቹን ስም በግራ ጻፈች፤ በቀኝ ደግሞ ከጽሑፉ ያመጡትን ማስረጃ።

የራሷን ትምህርት ስታዘጋጅ «ጽሑፉን ራሴ መምረጥ እችላለሁ?» አለችኝ። የወሰደችው የአንበሳውን ጢም ተረት ነው፤ ያቺ የቤት ችግሯን ለሽማግሌ ያማከረችና ሽማግሌው «ከሕያው አንበሳ ፀጉር አምጪልኝ» ያላት ሴት። በእንግሊዝኛ ራሷ ጻፈችው፣ አንድ ገጽ ተኩል። እኔ አነበብኩላት፣ ሁለት ቦታ አስተካከልን። ዕቅዱ ላይ አንድ ኮድ፣ አንድ መስመር።

ጥያቄዋ አንድ ነበር። ተረቱ ውስጥ «ትዕግሥት» የሚለው ቃል የለም፤ ሆን ብላ አውጥታዋለች። «ሴትየዋ ትዕግሥተኛ መሆኗን በምን አወቃችሁ?» ስትል ልጆቹ ጽሑፉ ያላለውን መገመት፣ ግምታቸውንም ከጽሑፉ ማስረገጥ አለባቸው። ያንን ሳይ ስታንዳርዱን ማንበቧን ሳይሆን መረዳቷን አየሁ።

ወረቀቶቹን ሰብስበን ከትምህርት በኋላ አብረን ተቀመጥን። አንዱ ልጅ «ጎበዝ ስለሆነች» ብሎ ጽፏል። አንዷ «በየቀኑ ሥጋ ትወስድለት ነበር» ብላለች። አንዱ ደግሞ፣ እንግሊዝኛው ገና ደረጃ 3 ላይ ያለ ልጅ፣ ጽሑፉ ላይ «ትናንት ከቆመችበት አንድ እርምጃ ብቻ ቀረበች» የሚለውን አስምሮበት ከጎኑ በአጭሩ «አልቸኮለችም» ብሏል። ያንን ወረቀት ይዛ ብዙ ቆየች።

ከዚያ ወረቀቶቹን በሦስት ክምር ለየቻቸው። ከጽሑፉ ዝርዝር ያመጡና ግምታቸውን ያገናኙ፣ 11። ዝርዝር ያመጡ ግን ከግምታቸው ጋር ያላገናኙ፣ 8። ከጽሑፉ ምንም ያላመጡ፣ 4። እኔ ምንም አላልኳትም። ሁለተኛውን ክምር እጇ ላይ አድርጋ «እነዚህ ስምንቱ ተቃርበዋል። ነገ በምን ልጀምርላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው ዛሬ ማታ የመጣሁት። እናንተ በምን ትጀምሩ ነበር?

---

የንባብ_አሠልጣኝ

ዕንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው።

የራሳቸውን ወረቀት መልሳ ትስጣቸው። «በየቀኑ ሥጋ ትወስድለት ነበር» ካለው ሥር «ይህ የሚያሳየኝ…» የሚል ጅምር ትጻፍላቸው። ሌላ አዲስ ነገር አትጨምር። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አራቱን ደግሞ እሷው ጠረጴዛዋ ጋ ታስቀምጣቸውና ተረቱን አብረው እንደገና ያንብቡት፤ «አንድ እርምጃ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ዝም ትበል።